ስቴሪዮ ማለት ሁለት ስፒከር ማለት ነው እንዴ? የባጃጅ ተራ ክርክር

አቶቴ ባጃጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሐዋሳ ባጃጅ ነው የምሠራው፣ ከአቶቴ ፒያሳ። ሰሞኑን ከተሳፋሪው ወንበር ኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ስፒከር አስገጠምኩ። የገጠመልኝ ልጅ «በቃ፣ አሁን ስቴሪዮ ሆነልህ» ብሎ ሂሳቡን ተቀበለ። ማታ ተራ ስንጠብቅ ለጓደኛዬ ባሰማው «ይሄ ምኑ ስቴሪዮ ነው፣ ሞኖ ሁለት ቦታ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ስቴሪዮ የሚለው እቤታቸው ሳሎን የተቀመጠውን፣ አባቱ ከጅዳ ያመጡትን ባለ ሁለት ካሴት ትልቁን ቴፕ ነው። ሌላው ሾፌር ደግሞ ገብቶ «ስቴሪዮ ማለት ጥራት ማለት ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ ኤችዲ እንደሚሉት» አለ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ትርጉም። ተሳፋሪ መጣና ሳንጨርስ ተበተንን።

እስኪ የምታውቁ፦ ቃሉ ራሱ ምን ማለት ነው? ከየት መጣ? የፈልሳፊው ስም ነው? የኔስ ስቴሪዮ መሆን አለመሆኑን በምን ልወቅ?

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱ ስፒከሮች አንድ ላይ ሲጫወቱ ቤዙ ይጠፋል። አንዱን ስነቅለው ይመለሳል። ብሶበት እንጂ ተሽሎት አያውቅም። ከጥያቄው ጋር ይገናኝ እንደሆነ እናንተ ንገሩኝ።

ናዝሬቴ፦
እኛ አዳማ ስቴሪዮ የምንለው ጎረቤት ፖሊስ የሚያስጠራውን ነው 😂 ቀልዱን ትቼ፣ የግሪክ ቃል ነው። ሞኖ አንድ፣ ስቴሪዮ ሁለት። ስለዚህ ሁለት ስፒከር ካለህ ስቴሪዮ ነህ፣ ጓደኛህን አትስማው።

ዲያቆኑ፦
ወንድሜ ናዝሬቴ፣ ግሪክነቱ ልክ ነው፣ ሁለቱ ግን ከየት መጣ? በግሪክ ሁለት «ዲዮ» ነው። «ስቴሬዎስ» ማለት ጽኑ፣ ጠንካራ፣ ድፍን ማለት ነው። ማረጋገጥ ከፈለግህ ሩቅ አትሂድ፣ ወደ ዕብራውያን 5፥14 ግለጥ። በአማርኛው «ጠንካራ ምግብ ግን» ብሎ ይጀምራል፣ ለሕፃናት ከሚሰጠው ወተት ለይቶ የሚናገርበት ነው። ያ «ጠንካራ» በግሪኩ ስቴሬዎስ ነው። 1ኛ ጴጥሮስ 5፥9 ላይም «በእምነት ጸንታችሁ» የተባለበት ቦታ ያው ቃል አለ። ሐዋርያው ስለ ስፒከር ብዛት እየተናገረ አልነበረም።

ሞኖን ግን አግኝተኸዋል። «ሞኖስ» ብቻ፣ ብቸኛ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር «ሞናኮስ» ይመጣል፤ ብቻውን የሚኖር። የኛም «መነኮሰ» ከዚያው የተወረሰ ነው። እናም ሞኖ ቴፕ ካለህ መነኩሴ ቴፕ ነው ያለህ።

አቶቴ ባጃጅ፦
ዲያቆን ገደልከኝ! መነኩሴ ቴፕ 😂 ግን ጠንካራ ማለት ከሆነ ድምፅ እንዴት ነው ጠንካራ የሚሆነው? ከፍ ሲል?

ሲስተር፦
እኔ ስለ ስፒከር አላውቅም፣ ስለ ኮሌስትሮል ግን አውቃለሁ። ቃሉ መሃል ላይ ያ «ስቴሬ» አለ። «ኮሌ» ሐሞት ነው፣ «ስቴሬዎስ» ጠጣር፤ መጀመሪያ የተገኘው በሐሞት ጠጠር ውስጥ ስለሆነ ነው እንዲህ የተባለው። ስቴሮይድም ከዚሁ ቤት ነው። ባጃጅ ላይ ቁጭ ብላችሁ የምትውሉ ልጆች ኮሌስትሮላችሁን ተመርመሩ፣ አበቃሁ።

ብየዳ፦
ዲያቆን፣ አበጀህ። ሲስተርም ተባረኪ፣ እኔም ክኒኑን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አንተ የአቶቴው ልጅ፣ አሁን ሻይህን ያዝና አንብበኝ፣ እረዝማለሁ።

እኔ ይህች ከተማ በጽሑፍ «አዋሳ» በምትባልበት ጊዜ ሙዚቃ ቤት ተቀጥሬ ካሴት አባዛ ነበር። ቀን ማባዛት፣ ማታ የሰው ቴፕ መጠገን። ዛሬም ሬዲዮና አምፕሊፋየር እጠግናለሁ፣ ዓይኔ እስከፈቀደ ድረስ። ስለዚህ የምነግርህ ግማሹ ካነበብኩት፣ ግማሹ ከመበየጃው ጫፍ ነው።

ያ ቃል መጀመሪያ ለጆሮ አልወጣም፣ ለዓይን ነው የወጣው። እ.ኤ.አ. በ1838 ቻርልስ ዊትስቶን የሚባል እንግሊዛዊ «ስቴሪዮስኮፕ» ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ለምሁራን አቀረበ። የአንድን ነገር ሁለት ሥዕል ይወስዳል፣ አንዱ በግራ ዓይን ብቻ ሲታይ እንደሚመስለው፣ ሌላው በቀኝ ዓይን ብቻ ሲታይ እንደሚመስለው። ከዚያ በመስታወት እያዞረ ለየዓይኑ የየራሱን ሥዕል ያሳየዋል። ወረቀት ላይ ጠፍጣፋ የነበረው ያኔ ውፍረት ያወጣል፣ ፊትና ኋላ ይኖረዋል፣ እጅ ሰደህ የምትይዘው ይመስልሃል። «ስቴሬዎስ» ያለው እሱን ነው፤ ዲያቆን «ድፍን» ያለው ሲሆን፣ ጂኦሜትሪ ላይ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ያለው አካል የሚባለው ነው። የድምፅ ሰዎች በ1920ዎቹና 30ዎቹ ከዚያ ላይ ወሰዱ። «ስኮፕ» ማየት ነው፣ እሱን አውጥተው «ፎኔ»ን፣ ድምፅን፣ ተኩ፦ ስቴሪዮፎኒክ። ከዚያ ነጋዴው ጅራቱን ቆረጠና ስቴሪዮ ቀረ። እኛ የተቀበልነው የተቆረጠውን ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ጠንካራ ማለት ከፍ ያለ ማለት አይደለም። አካል ያለው፣ ቦታ ያለው ድምፅ ማለት ነው። ማሲንቆው እዚህ፣ ክራሩ እዚያ፣ ከበሮው ከኋላ፣ ዘፋኟ መሃል። ዓይንህን ጨፍነህ በጣትህ ልትጠቁማቸው ከቻልህ ስቴሪዮ ነው። በጣም ዝግ ብሎ የሚጫወት ስቴሪዮ አለ፣ ሰፈር የሚያናውጥ ሞኖም አለ። «ጥራት ማለት ነው» ያለው ጓደኛህም አልገባውም፤ ሲጢጥ የሚል፣ የሚያፏጭ፣ ግን ስቴሪዮ የሆነ ካሴት ስንቱን አባዝቻለሁ።

ሁለት የሚለው ቁጥር ቃሉ ውስጥ አለመኖሩን የሚያሳይ ነገር ልንገርህ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1933 የአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ሰዎች ፊላዴልፊያ የሚጫወተውን ኦርኬስትራ በስልክ መስመር ዋሽንግተን አዳራሽ ውስጥ አሰሙ። መድረኩ ላይ ግራ፣ መሃል፣ ቀኝ ሦስት ማይክ፤ ዋሽንግተን ላይ ሦስት ስፒከር። ሙዚቀኛ በሌለበት መድረክ ላይ ኦርኬስትራው ተዘርግቶ ተሰማ። የኦርኬስትራው መሪ ስቶኮቭስኪ ራሱ ዋሽንግተን ሆኖ የድምፁን ማስተካከያ ያዞር ነበር፣ ፊላዴልፊያ ምክትሉን አቁሞ። ሦስት ነበር እንግዲህ፣ ስቴሪዮም ነበር። ሁለት የሆነው በኋላ ሸክላው ሁለት ብቻ ስለሚችል ነው፣ ቤት ውስጥም ሁለት ሣጥን ለመግዛት ይቀላል።

ከነሱም በፊት የሞከረ አለ። እ.ኤ.አ. በ1881 ፓሪስ በተደረገ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ክሌማን አዴር የሚባል ፈረንሳዊ በኦፔራው መድረክ ጠርዝ ላይ የስልክ ማይኮች ደረደረና ኤግዚቢሽኑ ቦታ ላይ ለሰዉ ሁለት ሁለት የስልክ ማዳመጫ ሰጠ፣ አንድ ለግራ ጆሮ አንድ ለቀኝ። ሰዎች ዘፋኙ ከግራ ወደ ቀኝ ሲራመድ ሰሙት። ያኔ ግን ስቴሪዮ የሚል ስም አልነበረውም።

አሁን ወደ እኔ ሰው ልምጣ። አላን ብሉምላይን ይባላል፣ እንግሊዛዊ፣ የሸክላ ኩባንያው የኢ ኤም አይ መሐንዲስ። እንደሚወራለት በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ልጅ ጋር ፊልም ሊያይ ገብቶ፣ ተዋናዩ በሸራው ወዲያ ጥግ ቆሞ እያለ ድምፁ ከወዲህ ጥግ ሲመጣ አናደደው። ነገሩን አውጥቶ አውርዶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1931 የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ። ሁለት ማይክ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሁለት ድምፅ በአንድ የሸክላ መስመር እንዴት እንደሚቀረጽ፣ ሁሉን አስቦታል። እሱ ግን «ስቴሪዮ» አላለውም፣ «ባይኖራል» ነው ያለው፣ የሁለት ጆሮ ማለት ነው። የሁለትን ሐሳብ የያዘው ያኛው ቃል ነበር፣ ተሸነፈ። ዛሬ ባይኖራል የሚሉት ሰው ሠራሽ ጭንቅላት ጆሮ ላይ ማይክ ተተክሎ የሚቀረጸውን፣ በኤርፎን ብቻ የሚሰማውን ነው። ብሉምላይን ገና ወጣት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1942 የጦር አውሮፕላን ራዳር እየሞከረ ወድቆ ሞተ። ስቴሪዮ ሸክላ ሱቅ ገብቶ በብዛት ሲሸጥ 1958 ሆኗል፣ አላየውም።

ለምን ሁለት ጆሮ አስፈለገ ካልከኝ፦ ከቀኝህ የተነሳ ድምፅ ግራ ጆሮህ ዘንድ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ጭንቅላትህም ስለሚጋርደው ደክሞ ይደርሳል። መዘግየቱ ቢበዛ የሰከንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም፤ ከግማሽ ትንሽ ያልፋል። አእምሮ በዚያች ነው አቅጣጫ የሚያወጣው። ስለዚህ ስቴሪዮን ስቴሪዮ የሚያደርገው ግራና ቀኙ መለያየታቸው ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ከተናገሩ አሥር ስፒከር ብትደረድርም መነኩሴው መነኩሴ ነው፣ ጓደኛህ ልክ ነው። ስለ ሳሎኑ ቴፕ ግን ዕቃውና አሠራሩ ተቀላቅሎበታል። ያ ዕቃ ስቴሪዮ ማጫወት ይችላል እንጂ የሚጫወተው ሁሉ ስቴሪዮ አይሆንም። እጄ ላይ ካለፉት ካሴቶች ልባሱ ላይ ስቴሪዮ ተብሎ ተጽፎ ግራና ቀኙ አንድ የሆነው ብዙ ነው። ሙዚቃ ቤቱ የሚያባዛበት ማሽን ሞኖ ከሆነ ማስተሩ (የሚባዛው ዋናው ቅጂ) ምንም ቢሆን የሚወጣው ሞኖ ነው። ልባሱን የሚያሳትመው ሰው ይህን አይጠይቅም፣ «ስቴሪዮ» የሚለው ቃል ያምራል፣ ያስገባዋል።

ካሴትን ካነሳሁ አንድ የሚያስመሰግን ነገር ላክል። ፊሊፕስ ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 ሲያወጣ የክሩ ወርድ 3.81 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። በዚያች ላይ ለአንዱ ገጽ ግራና ቀኝ፣ ለሌላው ገጽ ግራና ቀኝ፣ አራት መስመር ይሄዳል። የአንዱ ገጽ ግራና ቀኝ ግን ጎን ለጎን ነው የተቀመጠው። ሞኖ ቴፕ «ሄድ» የሚባለው፣ ክሩን የሚያነበው ጫፍ፣ ሰፊ ስለሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ ይጠርጋቸዋል፣ ምንም አይጎድልበትም። አርሶ አደሩ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ አንድ ስፒከር ቴፕ ስቴሪዮ ካሴት ሲሰማ የኖረው በዚህ ብልሃት ነው።

አሁን ባጃጅህ። በስልክህ አንድ ዘፈን ክፈትና መጀመሪያ በኤርፎን ስማው፣ አንዱን ጆሮ አውጥተህ፣ ቀጥሎ ሌላውን። የሚሰማው ከተለያየ ዘፈኑ ስቴሪዮ ነው። ካልተለያየ ስልክህ ቅንብር ውስጥ፣ ተደራሽነት የሚለው ሥር፣ ሞኖ ድምፅ የሚል አለ፤ በአንድ ጆሮ ብቻ ለሚሰሙ የተሠራ ነው፣ ሳታውቅ በርቶ እንዳይሆን እየው። ከዚያ ያንኑ ዘፈን ባጃጁ ላይ ክፈት። ግራና ቀኙ አንድ ከሆነ ገጣሚው ሁለቱንም ስፒከር ከአምፕሊፋየሩ አንድ ወገን አውጥቷቸው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ስቴሪዮ ማጣትህ ብቻ አይደለም፣ የዘፈኑ ሌላኛው ወገን ጭራሽ አይሰማህም።

ቤዙ የሚጠፋው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሳላይ ልንገርህ፦ የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገላብጧል። የአንዱ ስፒከር ወረቀት፣ ያ ፊቱ ላይ የሚርገበገበው፣ ወደ ፊት ሲገፋ የሌላው ወደ ኋላ ይስባል። ቤዝ በግራም በቀኝም እኩል የሚቀዳ ስለሆነ አየሩ ላይ እርስ በርሱ ይጣፋል። ለዚህ ነው አንዱን ስትነቅል የሚመለሰው። ስፒከሩን ከአምፕሊፋየሩ ንቀልና አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ ባለ 1.5 ቮልቱን፣ ለአፍታ ብቻ ነካ አድርግ፤ የባትሪውን ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ። ወረቀቱ ወደ ውጭ መነሳት አለበት። ሽቦው ከየትኛው ጫፍ እንደሄደ ተከታተልና የተሳሳተውን አንዱን ብቻ ገልብጥ። ሁለቱንም ከገለበጥክ እንደነበረ ነው።

ናዝሬቴ፦
ጋሼ ብየዳ እጅ ሰጥቻለሁ፣ ሁለቱን አንስቻለሁ 😂 ግን ይሄን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ሞኖ የድሮ ነው፣ መጣያ ነው ማለት ነዋ?

ብየዳ፦
ማን አለ? ገብርኤል ዕለት እዚህ ሐዋሳ መጥተህ ታውቃለህ? ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አልፎ መንገዱን ሞልቶት ይቆማል። ሞንታርቦው ግራም ቀኝም ተሰቅሏል። (ሞንታርቦ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው፣ እኛ ለድምፅ ማጉያ ሁሉ ሰጥተነዋል፣ ይሁን።) እዚያ ላይ ስቴሪዮ ብታደርገው በስተግራ የቆመችው እናት የግራውን ብቻ ትሰማለች፣ መዘምራኑ በቀኝ ማይክ ከሆኑ አለፋት። እንደዚያ ያለ ቦታ አውቆ የሚሠራ ሰው ሆን ብሎ ሞኖ ነው የሚያደርገው። ሠርግ ድንኳን ውስጥም እንደዚሁ። ስቴሪዮ የሚሰማው ከሁለቱ ስፒከር መሃል፣ ከሁለቱም እኩል ርቆ ለተቀመጠ ሰው ነው።

አንተ የአቶቴው፣ ይህ አንተንም ይመለከታል። ስፒከሮቹ ከተሳፋሪው ጀርባ ናቸው። መሃል የተቀመጠው ተሳፋሪ ስቴሪዮ ይሰማል፣ አንተ ፊት ሆነህ ሞተሩንና የተደባለቀውን ነው የምትሰማው። የከፈልከው ለተሳፋሪ ነው።

አቶቴ ባጃጅ፦
ጋሼ ብየዳ እግዜር ይስጥልኝ! በባትሪ ድንጋዩ ሞከርኩት። የቀኙ ወደ ውጭ፣ የግራውም ወደ ውጭ ነው የተነሳው፣ ስፒከሮቹ ደህና ናቸው። ሽቦውን ተከትዬ ስሄድ ግን አምፕሊፋየሩ ጋ የግራው ጥቁር ቀዩ ቦታ ገብቷል። ገለበጥኩት። ቤዙ መጣ በጌታ! የኋላው ፕላስቲክ ሁሉ እየነዘረ ነው። ግራና ቀኙ ደግሞ የየራሱ ወገን ነው የወጣው፣ በኤርፎን እንደሰማሁት ተለያይቷል። ስለዚህ ስቴሪዮ ነበር ማለት ነው? ጓደኛዬን ልጥራው?

ብየዳ፦
ጥራው። ስቴሪዮ ነበር፣ ግን በተገለበጠ ሽቦ። እንደዚያ ሲሆን መሃል መሆን ያለበት የዘፋኙ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ጭንቅላትህ ውስጥ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ለጓደኛህ ጆሮ ስቴሪዮ ያልመሰለው በዚያ ይሆናል፣ ብዙ አትጩህበት። የሚነዝረውን ፕላስቲክ በስፖንጅ ያዘው።

ናዝሬቴ፦
የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ። አጎቴ ቤት ሸክላ ማጫወቻ አለ፣ ከነሸክላው። ሸክላው ላይ ያለው መስመር አንድ፣ መርፌውም አንድ። ሁለት የተለያየ ድምፅ በአንድ መርፌ እንዴት ያልፋል?

ብየዳ፦
ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። መስመሩ በትልቅ ማጉያ መነጽር ቢታይ ቪ ቅርጽ ያለው ቦይ ነው፣ ሁለት ግድግዳ አለው። እያንዳንዱ ግድግዳ በ45 ዲግሪ ያዘነብላል። በአንዱ ግድግዳ ላይ ግራው ተቀርጿል፣ በሌላው ቀኙ። የብሉምላይን የፈጠራ መብት ማመልከቻ ላይ ያለ ነገር ነው፣ እሱ ከሞተ በኋላ ነው ገበያ የገባው። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ሲሆኑ መርፌው ወደ ጎን ብቻ ይወዛወዛል፣ ልክ እንደ ሞኖ ሸክላ። ሲለያዩ ወደ ላይና ወደ ታችም ይነሳል ይወድቃል። ስለዚህ ስቴሪዮ ማጫወቻ ሞኖ ሸክላ ያለችግር ይጫወታል።

ተገላቢጦሹን ግን ተጠንቀቅ። የአጎትህ መርፌ የጥንቱ ሞኖ ከሆነ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ አይችልም፣ ደረቅ ነው። ስቴሪዮ ሸክላ ላይ ካስቀመጥከው ግድግዳውን እየፋቀ ነው የሚሄደው፣ የተፋቀ ደግሞ አይመለስም። ከመክፈትህ በፊት ክንዱን አንስተህ ጫፉን ከኋላ እየው። መርፌውን ከያዘችው ዕቃ የሚወጣው ሽቦ ሁለት ብቻ ከሆነ ሞኖ ነው፣ ስቴሪዮ ሸክላ አታስጠጋው። ሦስት ወይም አራት ከሆነ ለስቴሪዮ የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው፣ አይቼ እነግርሃለሁ።